ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

እኛ ሦስት ነን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ሲቪል ኢንጂነር ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ይህን ጽሑፍ በሦስታችን ስም የሚተይበው ነው፤ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት "በሒደት ላይ ነኝ" ይላል። ሦስታችንም እንግሊዝኛ እንችላለን። ቢያንስ እንደምንችል እናስብ ነበር። ማመልከቻ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፣ ፊልም ያለ ሰብታይትል እናያለን (ሰብታይትል ካለው ግን አናጠፋውም)፣ ብሽቀት ሲመጣብን የምንሳደበውም በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ አይኤልትስ ተፈተንን። ውጤት መጣ። ሊስኒንግ በሚለው ሳጥን ውስጥ የተቀመጠችውን ቁጥር አየናት። ለሁለት ቀን ያህል እርስ በርሳችን አማርኛ ብቻ አወራን።

ለሁለታችን ነገሩ የክብር ጉዳይ ነበር። ለነርሷ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። እንግሊዝ አገር በነርስነት ለመመዝገብ በአይኤልትስ በኩል የሚሄድ ሰው በማዳመጥ፣ በማንበብና በመናገር 7፣ በመጻፍ ደግሞ 6.5 ማምጣት አለበት። እሷ ሌላውን ሁሉ አልፋ በማዳመጥ 6.5 አመጣች። ግማሽ ነጥብ ጎደላት። በአማካይ ከ40 ጥያቄ 30 ያህሉን የመለሰ ሰው 7 ያገኛል፤ ስለዚህ የጎደላት ግማሽ ነጥብ ሲመነዘር ምናልባት አንድ፣ ምናልባት ሦስት ጥያቄ ቢሆን ነው።

ለመጀመሪያው ፈተና የከፈለችው ዕቁብ ወጥቶላት ነው። ለሁለተኛው ዕቁብ አልነበረም፤ የነበረው እናቷ ለክፉ ቀን ብለው ያስቀመጡት ብር ነው። እናትየው ብሩን ቆጥረው ሲሰጧት የተናገሯትን እስከ ዛሬ አንረሳትም፤ "ልጄ፣ ፈረንጁ ምን ቢልሽ ነው ያልገባሽ?"

ሳያውቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቁት። ምን ቢለን ነው ያልገባን? ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ነርሷ ቤት እየተሰበሰብን የፈለግነው የዚህን ጥያቄ መልስ ነው። ያገኘነውን እነሆ።

የዓይን እንግሊዝኛ

መጀመሪያ የደረስንበት ነገር እንግሊዝኛችን የዓይን እንግሊዝኛ መሆኑን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተማርን እንላለን። ግን እንዴት ነበር የተማርነው? መምህሩ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ከዚያ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ በአማርኛ ያስረዳናል። ፈተናውም ወረቀት ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያው የእንግሊዝኛ ፈተና ሰዋስው ጠየቀን፣ ምንባብ ጠየቀን፣ የቃላት ፍቺ ጠየቀን። ጆሯችንን ግን ማንም ምንም አልጠየቀውም።

በእርግጥ ጆሯችንን የፈተነ አንድ ነገር ነበር። ፕላዝማ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት መተላለፍ የጀመረውን የቴሌቪዥን ትምህርት ማለታችን ነው። የእኛ ዕድሜ ያለው ሰው ሲያስታውሰው አሁንም አንገቱን ያሸዋል። በደቡብ አፍሪካ ቅላጼ የምትናገር መምህርት ስክሪኑ ላይ ብቅ ትላለች፣ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሴኮንድ ትሰጣለች፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው ሳይመልስ "በጣም ጥሩ!" ብላ ታልፋለች። እጅ ቢያወጡላት አታይም፣ "አልገባንም" ቢሏት አትሰማም። እኛስ ያኔ ምን እናደርግ ነበር? አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያመልጠን መስማቱን እርግፍ አድርገን እንተዋለን። ዓይናችን ስክሪኑ ላይ ነው፣ ጆሯችን ግን ክፍሉን ለቆ ወጥቷል። በመጨረሻ መምህራችን መጥቶ በአማርኛ እንደሚነግረን እናውቃለን።

የአይኤልትስ ሊስኒንግ ማለት ፕላዝማ ነው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ መጥቶ በአማርኛ የሚያስረዳ መምህር የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጆሯችን ሰነፍ አይደለም፤ የሠለጠነው ለሌላ ሥራ ነው። አማርኛ ማጥበቅና ማላላት አለው። "ገና" ስንል ጠብቆ ከሆነ በዓሉ ነው፣ ላልቶ ከሆነ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ይህን ልዩነት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሳናስበው እንለያለን። እንግሊዝኛ ግን ጉልበቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዋና ዋና ቃላቱን ጠንከር አድርጎ ይጠራና ጥቃቅኖቹን ይውጣቸዋል፣ የአንዱን ቃል ጅራት ከሌላው ራስ ጋር ይቀጥላል። እኛ በመጽሐፍ "ኖት አት ኦል" ብለን የተማርነው ሦስት ቃል በአፋቸው "ኖታቶል" የሚባል አንድ ነገር ሆኖ ይወጣል። ነርሷ ይህን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጋው ነበር። ስሙ ይቆየን።

ለማያውቁት

ፈተናውን ላላያችሁ ባጭሩ ይኸውላችሁ። ድምፁ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 4 ክፍሎች፣ በየክፍሉ 10 ጥያቄ፣ በድምሩ 40። የመጀመሪያው ክፍል የሁለት ሰዎች የዕለት ተዕለት ንግግር ነው፤ አንዱ ቤት ሊከራይ ወይም ለሥልጠና ሊመዘገብ ይደውላል። ሁለተኛው አንድ ሰው ስለ አንድ ቦታ ወይም አገልግሎት ብቻውን የሚናገረው ነው። ሦስተኛው ተማሪዎች እርስ በርስ ወይም ከመምህራቸው ጋር ስለ ትምህርታቸው የሚነጋገሩበት ነው። አራተኛው የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር የመሰለ ንግግር ነው፤ እዚህኛው ላይ መሐል ላይ ዕረፍት የለም። ቅላጼውም የእንግሊዙ፣ የአሜሪካው፣ የአውስትራሊያው እየተቀላቀለ ይመጣል።

ሁሉም የሚደመጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድገሙልን የለም። በወረቀት ሲሆን መልሱን ወደ መልስ መስጫው ለመገልበጥ መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ይሰጣል። በኮምፒውተር ሲሆን ግን እየሰሙ እዚያው ይተይባሉ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ማረጋገጫ ጊዜ 2 ደቂቃ ነው። በኮምፒውተር የምትፈተኑ የ10 ደቂቃውን ወሬ ሰምታችሁ እንዳትዘናጉ።

የወያላው ትምህርት

መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ቆማችሁ አስቡት። ሃያ ወያላ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ከጎን ሎተሪ ሻጩ አለ፣ ጥሩንባ አለ፣ የሚሰብክ አለ። በዚህ ሁሉ መሐል "ሜክሲኮ" የሚለውን፣ ያውም ግማሹ ተውጦ "ሲኮ! ሲኮ!" ሲባል፣ ከሩቅ እንሰማለን። ለምን? ምን እንደምንጠብቅ ስለምናውቅ ነው። አጠገባችን የቆመው የቦሌ ተሳፋሪ "ሲኮ" የሚባል ድምፅ መኖሩን እንኳ ልብ አላለም።

የሊስኒንግ የመጀመሪያው ዘዴ ይኸው ነው። ድምፁ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄውን ለማንበብ የምትሰጥ አጭር ጊዜ አለች። እኛ በመጀመሪያው ፈተና ላይ ይህችን ጊዜ ሄድፎን በማስተካከልና በመጸለይ ጨርሰናታል። ጸሎቱ አይከፋም፤ ግን ቤት ሆኖ መጨረስ ይሻላል። በዚያች ጊዜ መሠራት ያለበት እያንዳንዱ ክፍት ቦታ ምን እንደሚፈልግ መገመት ነው። ቁጥር ነው? የሰው ስም ነው? ቀን ነው? ቦታ ነው? ከፊቱ የገንዘብ ምልክት ካለ ዋጋ ነው። ከኋላው "በየሳምንቱ" የሚል ካለ ድግግሞሽ ነው። መልሱን ማወቅ አይጠበቅብንም፤ የመልሱን ዘር ማወቅ ይበቃል። ያኔ ጆሮ ሃያውን ወያላ ትቶ የራሱን ወያላ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ወያላው "ሜክሲኮ" ሲል ሜክሲኮ ነው። ፈተናው ግን ጥያቄው ላይ የጻፈውን ቃል በድምፁ ላይ እምብዛም አይደግመውም። ጥያቄው ላይ "ዋጋ" ካለ ሰውየው "ስንት ያስወጣኛል?" ሊል ይችላል። ጥያቄው ላይ "የወላጆች ሥራ" ካለ ሴትየዋ "እናቴ መምህርት ነበረች፣ አባቴ ደግሞ አናጢ" ትላለች። "ሥራ" የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። ስለዚህ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን ነው የምንጠብቀው። እንዲያውም ጥያቄው ላይ ያለው ቃል ቁልጭ ብሎ በድምፁ ሲሰማ ጠርጥሩ፤ ብዙ ጊዜ ወጥመድ ነው።

ሐሳቡን የሚቀይር ሰው

ፈተናው ውስጥ የሚናገሩት ሰዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። አይወስኑም። "ማክሰኞ እንገናኝ... ኧረ ቆይ፣ ማክሰኞ አዳራሹ ተይዟል፣ ረቡዕ ይሻላል" ይላሉ። እኛ "ማክሰኞ" ስንሰማ ደስ ብሎን ጽፈን፣ በድላችን ተደስተን ስንመለስ ሰውየው ረቡዕ ገብቷል።

ኢንጂነሩ ይህን ሲመረምር (እሱ ሁሉን ነገር ይመረምራል) ያገኘው ነገር ይገርማል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሄደም አልሄደም፣ ገዛም አልገዛም የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ አማርኛ ስንሰማ እስከ መጨረሻው የመጠበቅ ትዕግሥት አለን። እንግሊዝኛ ግሱን ቀድሞ ሲያመጣልን ግን "አለቀ፣ ገባኝ" ብለን ጆሯችንን እንዘጋለን። ፈተናው ደግሞ "በት"ን፣ "አክችዋሊ"ን፣ "ኢንስቴድ"ን የሚያመጣው እኛ ከዘጋን በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣን፦ የሰማነውን ወዲያው እንጽፋለን፣ ግን ተናጋሪው ወደ ሌላ ጉዳይ እስኪያልፍ ድረስ አናምነውም። በአማርኛ ያለንን ትዕግሥት ወደ እንግሊዝኛው ማዛወር ነው፤ አዲስ ችሎታ አይጠይቅም።

ሩብ ጉዳይ ለሦስት

አሁን ኢንጂነሩ እንዳይጻፍ የለመነውን እንጽፋለን። ድምፁ ላይ ሴትየዋ "ክዋርተር ቱ ናይን" አለች። ኢንጂነሩ ሰማ። በትክክል ሰማ። ጭንቅላቱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደለመደው ስድስት ሰዓት ቀንሶ "ሩብ ጉዳይ ለሦስት" አለው። እሱም 2:45 ብሎ ጻፈ። መልሱ 8:45 ነበር። እንግሊዝኛው ገብቶታል፣ ሒሳቡም ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን ስህተት ነው።

ሰዓት የምንቆጥርበት መንገድ የራሳችን ነው፣ እንኮራበታለን። ለ30 ደቂቃ ግን በር ላይ ከስልካችን ጋር አስረክበነው እንግባ። ልምምዱ ቀላል ነው፦ ስልካችሁን ለአንድ ወር በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉና ሰዓቱን ስታዩ ሳትተረጉሙ በእንግሊዝኛ ጥሩት። "ሃፍ ሰቨን" የሚሉ እንግሊዞች 7:30 ማለታቸው ነው፤ ይቺኛዋ እንኳ ከእኛ "ሰባት ተኩል" ጋር ትዘመዳለች።

ቁጥር ላይ ሌላም አለ። "ሰርቲን" እና "ሰርቲ" 13 እና 30 ናቸው፤ የመጀመሪያው መጨረሻው ላይ ረዘም ብሎ በ"ን" ይዘጋል፣ ሁለተኛው መጀመሪያው ላይ ጠንክሮ መጨረሻው ላይ ቶሎ ያልቃል። ስልክ ቁጥር ሲነገር "ደብል ሰቨን" ማለት 77 ነው፣ "ኦ" ማለት ዜሮ ነው። ስም በፊደል ሲቆጠር ደግሞ የእኛው ሆሄ ያታልለናል። "ኢ" ሲባል እጃችን የእንግሊዝኛውን "አይ" ይጽፋል፣ "ኤይ" ሲባል "ኢ"ን ይጽፋል። "ጂ" እና "ጄይ"ም እንደዚያው። እርስ በርሳችን የሠፈር ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እየቆጠርን ተጻጻፍን። "ገርጂ"ን በትክክል ለመጻፍ አራት ቀን የፈጀበት ሰው ከመካከላችን አለ። ስሙ ይቆየን፤ ሥራው ግን በሒደት ላይ ነው።

ቀይ በር ያለው ሱቅ

ሁለተኛው ክፍል ላይ አንዳንዴ ካርታ ይመጣል። መናፈሻ ወይም ሙዚየም ይሆንና ተናጋሪው "ከመግቢያው ወደ ግራ፣ ፏፏቴውን አለፍ ብሎ፣ ከካፌው ትይዩ" እያለ ይመራናል። ኢንጂነሩ ቀኑን ሙሉ ፕላን ሲያነብ የሚውል ሰው ሆኖ እዚህ ላይ ጠፋ። ምክንያቱ የአዲስ አበባ ሰው መሆኑ ነው። እኛ አድራሻ የምንናገረው "ከታክሲ ወርደህ ትንሽ ወደ ላይ ትሄድና ቀይ በር ያለው ሱቅ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ" እያልን ነው። መደወል የማይቻልበት ካርታ አስቸግሮን ነበር።

መላው ሁለት ነገር ነው። ድምፁ ሳይጀምር መግቢያውን ወይም "እዚህ ነን" የሚለውን ምልክት እንፈልግ፤ የሰሜን ቀስት ካለም እንየው። ድምፁ ሲጀምር ጣታችንን ወይም ማውሱን እዚያ ላይ አድርገን ተናጋሪው ሲራመድ አብረን እንራመድ። በዓይን ብቻ የተከተለ ይጠፋል።

ትንንሾቹ ሌቦች

እነዚህ ደግሞ እየሰማን፣ እየገባን ነጥብ የሚሰርቁን ናቸው። መመሪያው "ከሁለት ቃል ያልበለጠ" ካለ ሦስት ቃል የጻፈ፣ ሐሳቡ ልክ ቢሆንም ስህተት ነው። ስፔሊንግ ያስጥላል። የእንግሊዙም የአሜሪካኑም አጻጻፍ ተቀባይነት አለው፤ የራስ ፈጠራ አጻጻፍ ግን የለውም። ብዙ ቁጥርን የምታሳየው ያቺ መጨረሻ ላይ ያለች "ኤስ" ብትቀር ሙሉው መልስ ይቀራል። ካፒታልና ስሞል ፊደል ያምታታው ሰው ሁሉንም በካፒታል መጻፍ ይችላል፤ ችግር የለውም። ለስህተት መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም፤ ስለዚህ ባዶ መተው ማለት ሎተሪ ተሰጥቶ አለመፋቅ ነው።

የፈሰሰ ውኃ

እስካሁን ያልነውን ሁሉ ከማንኛውም የማስጠኛ መጽሐፍ ልታገኙት ትችላላችሁ። ነርሷን የጣላት ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

አንድ ማታ ቡና እየጠጣን "እስቲ ያን ቀን የሆነውን ከመጀመሪያው ንገሪን" አልናት። ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ 23ኛው ጥያቄ አመለጣት። አንዲት ቃል ናት። "ቆይ ምን አለ?" ብላ አሰበች። "ሜተድ ነው ያለው ወይስ ሞዴል?" በጭንቅላቷ ድምፁን ወደ ኋላ ለመመለስ ሞከረች። ቀና ስትል ተማሪዎቹ ሌላ ጉዳይ ውስጥ ናቸው፣ የት እንዳሉ አታውቅም። ቦታዋን ስታገኝ 27ኛው ላይ ደርሰዋል።

አስሉት። 23ኛውን ያጣችው በእንግሊዝኛ ችሎታዋ ነው እንበል። 24ን፣ 25ን እና 26ን ግን ያጣችው በ23 ነው። የእናቷ የክፉ ቀን ብር ያለው እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ውስጥ ነው።

"ለምን ዝም ብለሽ አላለፍሽውም?" አላት ኢንጂነሩ።

"እኔ ነርስ ነኝ" አለች። "አንድ ሕመምተኛ ጥዬ ወደ ሌላው መሄድ አልችልም።"

ዝም አልን። ምክንያቱም እሷ ብቻ አልነበረችም። ሁላችንም ከትምህርት ቤት ይዘነው የመጣነው በሽታ ነው። አንድ ቃል ካልገባን ምንም እንዳልገባን የሚሰማን፣ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ሳንገለብጥ ከጠፋብን ሙሉው ደብተር የተበላሸ የሚመስለን ሰዎች ነን። ይህ ፈተና ግን ሁሉን ስሙልኝ አላለም። እሷ የምትፈልገው ከ40 ወደ 30 የሚሆነውን ነው። አሥር ያህል ጥያቄ እንድታጣ ተፈቅዶላታል! ያልተፈቀደላት በአንዱ ላይ ቆማ ማልቀስ ነው።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ እኛ ግን ውኃው ሲፈስ ቆመን የምናይ ሰዎች ነበርን። ስለዚህ ዋናው ልምምዳችን ማጣትን መለማመድ ሆነ። እንዲህ ነው፦ ድምፁ ይከፈታል፣ ነርሷ ትሠራለች፣ ከሁለታችን አንዳችን መሐል ላይ ሳታስበው "ቡና ይጨመርልሽ?" ወይም "ስልክሽ ጠራ" እንላታለን። አንድ መልስ በግድ እናስጥላታለን። ሥራዋ የጠፋባትን መፈለግ አይደለም፤ አንድ ሰረዝ አድርጋ ቀጣዩን ጥያቄ ይዛ መጠበቅ ነው። መልሶቹ በጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ዓይን ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ላይ መሆን አለበት፣ አሁን ባለንበትና በሚቀጥለው። የሚቀጥለው ጉዳይ ከተነሳ የአሁኑ አልፏል ማለት ነው። ቸር ይግጠመው ብሎ መሸኘት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ገምቶ መሙላት።

በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ "ቡና ይጨመርልሽ" አራት ጥያቄ ታጣ ነበር። ቀስ በቀስ ሁለት ሆነ። በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድ ብቻ፣ የግዷን። ቡናውንም እየሰማች ትቀበለን ጀመር።

ሌላው ልምምድ ደግሞ ጆሮን ማሠልጠን ነው፣ አቋራጭ የለውም። የቢቢሲን ስድስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም ዋይፋይ ያለበት ቦታ እያወረድን፣ መጀመሪያ ሳናቆም አንድ ጊዜ እንሰማለን። ቀጥሎ አንድ ደቂቃውን መርጠን እያቆምን ቃል በቃል እንጽፋለን። ከዚያ ከጽሑፉ ጋር እናመሳክራለን። ያመለጠን ቃል ብዙውን ጊዜ የማናውቀው ቃል አልነበረም፤ የምናውቀው፣ ግን እንዲህ ተውጦ ሲነገር ሰምተነው የማናውቀው ቃል ነው። "ኖታቶል"ን ያገኘነው እንዲህ ነው።

ፈረንጁ ምን አለ?

ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ነርሷና ኢንጂነሩ ተፈተኑ፤ ሦስተኛው ብር ስላልነበረው በር ላይ ሆኖ ቦርሳ ያዘ። ስትወጣ ፊቷን አየን። ምንም አይነበብበትም።

"እንዴት ነበር?" አልናት።

"አምስት ያህል አምልጦኛል" አለች። ከዚያ ፈገግ አለች። "አምስቱንም ሸኘኋቸው።"

ውጤቱ ሲመጣ ማዳመጥ 7.5 ይላል። ኢንጂነሩ ከ6 ወደ 6.5 ከፍ ብሎ ለማስተርስ የሚፈልጋትን አገኘ፤ ሰዓቱንም በትክክል ጻፈ። ነርሷ እዚያው እንደቆመች ለእናቷ ደወለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ስለሚል እኛም ሰማነው።

"እህሳ፣ ፈረንጁ ምን አለ?" አሉ እናትየው።

"ሰማሁት፣ እማዬ።"

ከዚያ ወዲያ ከሁለቱም ወገን ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልመጣም። የሰማችው ልጅ መሄዷ እንደማይቀር እናትየውም ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን። የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ወረቀቷን ጨርሳ መሄድ አለባት። እኛ ማታ ማታ የሠራነው ልምምድ ለእሷ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። አንድን ነገር ሲያመልጥ መሸኘትን፣ ከዚያ ዓይንን በሚቀጥለው ላይ ማድረግን እኛም ተለማምደናል። ሳንፈልገው።

እናንተ ደግሞ ልትፈተኑ ያላችሁ፣ ጥያቄውን ቀድማችሁ አንብቡ፣ ሐሳቡን ጠብቁ፣ ለሚወላውል ሰው አትቸኩሉ፣ ሰዓታችሁን በር ላይ ተዉት፣ ያመለጣችሁን ሸኙት፣ ባዶ አትተዉ።

ቸር ያሰማን።